የቆሽት መቆጣትና የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ

በአማርኛችን «ቆሽቴ አረረ» ስንል መናደዳችንን መግለጻችን ነው። ቆሽት ራሱ ግን ከጨጓራ በስተጀርባ የተጋደመ ዕጢ ሲሆን፣ ኢንሱሊንንና ምግብ እንዲልም የሚያደርጉ ኤንዛይሞችን ያመነጫል። ኤንዛይሞቹ ትንሹ አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ዕጢው ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ቆሽት ራሱን ይፈጫል። ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት የሚባለው ይህ ነው፤ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የሐሞት ጠጠር ወይም የአልኮል መጠጥ ነው።

ሁለት በሽተኞች አንድ ዓይነት የሆድ ሕመም ይዘው ቢመጡ፣ አንደኛው በሳምንት ውስጥ ድኖ ሲሄድ የሌላው ሳንባና ኩላሊት ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። በደም ውስጥ የሚገኘው የአሚሌዝ መጠን በሽታውን ለመለየት ቢረዳም ክብደቱን አይነግረንም። ታዲያ ሐኪሙ የትኛውን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቅ?

በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ጆን ራንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ዘዴ 11 ምልክቶችን ይቆጥራል። አምስቱ በሽተኛው እንደገባ የሚታዩ ናቸው፤ ከእነዚህም ዕድሜው ከ55 ዓመት ማለፉና ነጭ የደም ሕዋሶቹ በማይክሮሊትር ከ16,000 መብለጣቸው ይገኙበታል። የቀሩት ስድስቱ፣ እንደ ካልሲየም መጠን ማነስ ያሉት፣ የሚታወቁት በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ሕመሙ ብርቱ መሆኑን ያመለክታል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ለብርቱ ሕመምተኛ ሁለት ቀን ረጅም ጊዜ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 ቢሳፕ የተባለው ዘዴ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አምስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ የደም ዩሪያ ናይትሮጅን በዴሲሊትር ከ25 ሚሊግራም በልጧልን? አእምሮው ደንግዟልን? ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፏልን? በሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ተቋጥሯልን? ከሰውነት ሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከአተነፋፈስና ከነጭ ደም ሕዋስ ቢያንስ ሁለቱ ከመደበኛው ወጥተዋልን? ቴርሞሜትር፣ ሰዓት፣ ራጅና ጥቂት የደም ምርመራ ይበቁታል፤ ቤተ ሙከራው ጠባብ ለሆነ ሆስፒታል ይህን እንመርጣለን።

የሒሳብ መምህራን እዚህ ላይ ለክፍል የሚሆን ጥያቄ ያገኛሉ። ዘዴው በተፈተነበት ጥናት 0 ነጥብ ካገኙት መካከል የሞቱት ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ 5 ነጥብ ካገኙት ግን ከመቶ 20 በላይ ሞተዋል። ተማሪ «5 ያገኘ ይሞታል» ብሎ ቢጽፍ ተሳስቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ድነዋልና። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብዙዎች እንጂ አልጋው ላይ ስላለው አንድ ሰው አይደለም። ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነለትም ቢሆን፣ ሽንቱ ቢቀንስ ወይም ትንፋሹ ቢያጥር፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ ወደ በሽተኛው ይመለሳል።