ከጎንደር እስከ ሎድ፦ የአየር መንገዱ ርቀትና ጊዜ

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

ተራኪ፦ በእስራኤል ካሉት ከተሞች፣ ከያቭነ፣ ከገደራ ወይም ከቅርያት ማላኪ፣ በመኪና ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራ መንገደኛ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በሎድ ሜዳ ከተዘረጋው ከቤን ጉርዮን የአውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ከዚህ ማረፊያ ጎንደር እስካለው እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ማረፊያ ድረስ በካርታ ላይ ቀጥተኛ መሥመር ቢሰመር ርዝመቱ 2,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ አውሮፕላንም፣ ሲነሣና ሲያርፍ የሚፈጀው ጊዜ ተደምሮ፣ በሦስት ሰዓት ያህል ሊፈጽመው ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎንደር የሚነሣው ሰው እንደ ተለመደው አስቀድሞ 420 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ፣ ከቦሌ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ሰዓት ግድም ስለሚጓዝ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመቅረብ መጀመሪያ ከኢየሩሳሌም ይርቃል።

(ድምፅ፦ የስግድ በዓል ጸሎት።)

ተራኪ፦ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል አበው በጎንደር አካባቢ፣ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች፣ በስግድ በዓል ዕለት ጾመው፣ ነጭ ለብሰው ወደ ተራራ ሲወጡ፣ ቄሶቻቸውም ኦሪቱን በግእዝ ሲያነቡ፣ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደዚሁ ወደ ሰሜን ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱበት ዘመን ሲደርስ ግን ያገኙት የእግር መንገድ ብቻ ሆነና፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን በዱር እየተሸሸጉ፣ ለሳምንታት ወደ ሱዳን ወረዱ። በጉዞውና በመጠለያው ሠፈር በረኃብ፣ በጥማትና በበሽታ ያለቁት 4,000 ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ላይ፣ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

(ድምፅ፦ የአውሮፕላን ሞተር።)

ተራኪ፦ ከካርቱም እስከ ሎድ በቀጥታ 1,840 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም ሱዳን ከእስራኤል ጋር በጠላትነት ትተያይ ስለ ነበር፣ ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው በዘመቻ ሙሴ ወደ ሱዳን ከወረዱት 8,000 ያህል ሰዎች በቤልጅክ ኩባንያ አውሮፕላኖች ተሳፍረው በብራስልስ በኩል ዞሩ፤ ዙሩም 7,900 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ከቀጥተኛው መንገድ አራት እጥፍ በለጠ። የዘመቻው ምሥጢር በወጣ ጊዜም ያው ጠማማ መንገድ ተዘጋ።

(ዜማ።)

ተራኪ፦ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የኢትዮጵያ መሪ የነበሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጥተው የአማፂው የኢሕአዴግ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ግንቦት 16 ቀን ዘመቻ ሰሎሞን ተጀመረና በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጥ የቤተ እስራኤል ሕዝብ ከቦሌ ተነሥቶ ሎድ ገባ። ብዙ ሰው እንዲይዙ ወንበራቸው ከተነቀለ አውሮፕላኖች አንዱ፣ ቦይንግ 747፣ ብቻውን ከ1,000 በላይ ነፍስ ጭኖ በረረ።

ካርታው ላይ ያለው መሥመር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልረዘመም፣ አላጠረምም፤ የአውሮፕላኑም ፍጥነት ያው ነበር። አንዱን ወገን ለሳምንታት በእግር ያስኬደው፣ ሌላውን በአውሮፓ ያዞረው፣ ሦስተኛውን በአራት ሰዓት ያደረሰው የመንግሥታት ፈቃድ ነው። ዛሬም በያቭነ የሚኖር የቤተ እስራኤል ወጣት ዘመድ ሊጠይቅ ማታ ተሳፍሮ ንጋት ላይ ቦሌ ሲወርድ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራቸውን የሚጠብቁ ወገኖቹ ያንኑ የአራት ሰዓት መንገድ በዓመታት ይቈጥሩታል።

(የመዝጊያ ዜማ።)