ያውቁ ኖሯል? እንጉዳይ፣ ብሩሽና የጨፋ ከብቶች

ያውቁ ኖሯል? እንጉዳይ ተክል አይደለም፤ ፈንገስ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አይሠራም፤ የሕዋሱም ግድግዳ የአንበጣ ቅርፊት ከተሠራበት ካይቲን የተገነባ ነው። በዝምድና ከጎመን ይልቅ ለበሬ ይቀርባል!

ከከሚሴ አጠገብ ባለው የጨፋ ረግረግ፣ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። ሜዳው በእበት ታፍኖ የማይቀረው፣ ከጢንዚዛውና ከምስጡ ጋር ፈንገስም ስለሚያፈርሰው ነው። እበት ላይ ከሚበቅሉት አንዱ ፒሎቦለስ ይባላል። ቁመቱ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ሆኖ ሳለ ስፖሩን፣ ማለትም ደቂቅ ዘሩን፣ እስከ 2 ሜትር ያስወነጭፋል። ላም እበቷ አጠገብ ያለውን ሣር ስለማትግጥ፣ ዘሩ ወደ ሆዷ የሚገባው ራቅ ብሎ ካረፈ ብቻ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

በዝናብ መባቻ ከኩይሳ ላይ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ የሚያለማው ምስጡ ራሱ ነው። ይህ እርሻ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። በዛምቢያ የሚገኘው ዘመዱ ባርኔጣው እስከ 1 ሜትር ይሰፋል።

ጽድና ወይራም ያለ ፈንገስ አይሆንላቸውም። በሥሮቻቸው ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ፎስፈረስ ከአፈር እየሰበሰቡ ይሰጧቸዋል፤ በምላሹ ስኳር ይቀበላሉ።

የጥንቸሉን የፒተርን ተረት የጻፈችው እንግሊዛዊት ቢያትሪክስ ፖተር 350 ያህል የፈንገስ ሥዕሎች በውሃ ቀለም ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ስፖር አበቃቀል ያዘጋጀችው ጥናት በለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር ሲቀርብ ግን፣ በዘመኑ ሴቶች ስለማይገቡ እሷ አልነበረችም።

በእኛም አገር የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ ጋር መጥቶ ዕፅዋታችንን በውሃ ቀለም ሥሏል። ያረፈውም ጎንደር ነው። ፈንገሶቻችንም እንዲህ ያለ ትጉህ እጅ ይገባቸዋል።

ለመሣል ካሰቡ፣ ነጭ እንጉዳይ ሲገጥምዎ ነጭ ቀለም አይፈልጉ፤ ወረቀቱን ባዶ ትተው ዙሪያውን ያጥቁሩ። ቀለም አፍሳሹን እንጉዳይ ካገኙ ይፍጠኑ፤ በሰዓታት ውስጥ ቀልጦ ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ በዚያው ቀለም ደግሞ መሣል ይቻላል። ባርኔጣውን ቆርጠው ወረቀት ላይ ደፍተው ቢያሳድሩት፣ ስፖሩ የራሱን ቀለም አትሞ ያድራል። አረንጓዴ ከሆነ ሆድ ክፉኛ የሚያውከው ዓይነት ሊሆን ይችላልና ወደ ድስት አይሂድ።

የአንዳንድ የጅብ ጥላ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው ከተበላ ከ6 ሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው፤ ያኔ ጉበት መጎዳት ጀምሯል። የበላ ሰው ምልክት ሳይጠብቅ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።