ልጓምና የጋላቢው እጅ



የዛሬው ርዕሳችን ልጓም ነው። በወረኢሉና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ፈረስና በቅሎ ዛሬም እህል ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። ዐፄ ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸው በጥቅምት 1888 ዓ.ም. እንዲከትት ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነበር። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞችም የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ተዋግተዋል። ያ ሁሉ ፈረስ የተመራው በአፉ ውስጥ ባለች ቁራጭ ብረት ነው።

ብረቷ እንዴት ትሠራለች? ፈረስ 12 የፊት ጥርሶች አሉት፤ 6 ከላይ፣ 6 ከታች። በእነርሱና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ድድ አለ። ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው። ድዱ ስስ ነው፤ ከሥሩ ወዲያው አጥንት ይገኛል። በሀገራችን የቆየው ልጓም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ምላስንና ድድን ይጫናል፤ ቀለበቱም አገጩን ከውጭ ይጨምቃል። በጎንና በጎን ያሉት ዘንጎች እንደ መፈንቀያ ስለሚሠሩ፣ በረዘሙ ቁጥር የእጃችን ኃይል ይበረታል። ጦር የያዘ ፈረሰኛ በአንድ እጁ ብቻ መምራት ስለነበረበት እንዲህ ያለው ልጓም ጠቅሞታል። በሻካራ እጅ ግን ያው ልጓም አፍ ያቆስላል።

ብዙዎቻችን ልጓምን እንደ መኪና ፍሬን እናየዋለን። ፈረሱ ራሱን ሲወዘውዝ ወይም አፉን ሲከፍት «አመለኛ ነው» ብለን አጥብቀን እንስባለን። እርሱ ከሕመሙ ለመሸሽ ይሮጣል፤ እኛም ይበልጥ እንስባለን። በዚህ መካከል ልጅ ሊወድቅ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ዛቡን በጥቂቱ ስቦ፣ ፈረሱ እንደታዘዘ ወዲያው ማላላት ነው። ፈረስ የሚማረው ከማላላቱ ነው።

በሱረቱ ነሕል ፈረስ፣ በቅሎና አህያ የአላህ ጸጋዎች ሆነው ተወስተዋል። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሱት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልስላሴ እንዲይዙት መክረዋቸዋል። ልብ በሉ፤ ያስቸገረው ግመሉ ነበር፤ ምክሩ የመጣው ግን ለጋላቢዋ ነው።

ስለዚህ ልጓም ከማግባታችሁ በፊት ብረቱን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ዝገት ወይም ስለት ካለው አትጠቀሙበት። በውርጭ ጠዋት በእጃችሁ አሙቁት። ዛቡ ላልቶ ሳለ ቀለበቱ አገጩን መጫን የለበትም። ሲበላና ሲያርፍ አውልቁለት። የአፉን ዳርና ምላሱን እያያችሁ፣ ቁስል ካገኛችሁ እስኪድን ልጓም አታግቡለት፤ ለእንስሳት ሐኪምም አሳዩት። ልጆቻችሁንም ግልቢያ ከማስተማራችሁ በፊት ይህን አስተምሯቸው።

ፈረሱ ሕመሙን በቃል አይነግረንም፤ ነገ በአላህ ፊት ስለ እርሱ የምንጠየቀው ግን እኛ ነን። አላህ ለእንስሳትም አዛኞች ያድርገን።