ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘትና መንስኤን ማግኘት፦ የክፍት ምንጭ ሰርቨሮች ብልሽት በማኅበረሰብ እገዛ ሲፈታ

መግቢያ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚታወቁት ዲስፔስ፣ ኮሃና ሙድል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ናቸው። የመጀመሪያው የመመረቂያ ጽሑፎችን ያኖራል፤ ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ያደራጃል፤ ሦስተኛው ለትምህርት አሰጣጥ ያገለግላል። ብዙውን ጊዜም የሚሠሩት በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅባቸውም፤ በዚያው ልክ ግን ሲበላሹ ተጠያቂ የሚሆን ሻጭ የላቸውም። የምርምር መረጃ የያዘ ሰርቨር በድንገት ሲቆም አስተዳዳሪው እርዳታ የሚጠይቀው በዓለም ዙሪያ ተበታትነው የሚገኙ አልሚዎችንና ተጠቃሚዎችን ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በፈቃደኝነት የሚሠሩና ጠያቂውን የማያውቁ ናቸው፤ የተበላሸውንም ማሽን በዓይናቸው አያዩትም። ስለዚህ የሚሰጡት መልስ ከቀረበላቸው ማስረጃ ሊሻል አይችልም።

የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሕተት ፈጥኖ ይታያል የሚል እምነት በስፋት ይሰማል። እምነቱ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ኮዱ መታየት መቻሉ ብቻውን ብልሽትን አይፈታም። ይህ ጽሑፍ በሚገባ የተመዘገቡ ሦስት ክስተቶችን በመመርመር፣ የማኅበረሰብ እገዛ ፍሬ የሚያፈራው ጠያቂው የብልሽቱን ምልክት ከማጥፋት አልፎ መንስኤውን የሚያሳይ ማስረጃ ሲያቀርብ መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል።

የታከለችው ሰከንድ

የሰዓት አቆጣጠርን ከመሬት ዙረት ጋር ለማስማማት አልፎ አልፎ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ አንዲት ሰከንድ ትጨመራለች። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2012 መጨረሻ ላይ፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ይኸው ተደረገ። ወዲያውም በበርካታ አገሮች የሚገኙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ፕሮሰሰር ያለ በቂ ምክንያት መጨናነቅ ጀመረ። በተለይ ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋትና በጃቫ የተጻፉ ፕሮግራሞች ክፉኛ ተጠቁ። አስተዳዳሪዎች የመረጃ ቋቱን አጥፍተው ቢያስነሱትም ለውጥ አልነበረም።

በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንድ ቀላል መላ ከአንዱ አስተዳዳሪ ወደ ሌላው ተዛመተ፦ የሰርቨሩን ሰዓት በዚያው ባለበት ሰዓት ላይ እንደገና መሙላት። ብዙዎቹ ማሽኖችም በዚህ ብቻ ረገቡ። መላው ለምን እንደሚሠራ የታወቀው ግን መንስኤው ሲገለጽ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሰከንዷን ሲጨምር፣ ከፍተኛ ጥራት ላላቸው ጊዜ ቆጣሪዎቹ ሰዓቱ መለወጡን ሳያሳውቅ ቀርቷል። ቆጣሪዎቹ በአንድ ሰከንድ ቀድመው ስለሄዱ፣ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ጠብቆ እንዲነሣ የታዘዘ ፕሮግራም ሁሉ ጊዜው እንዳለፈ ተቆጥሮ ወዲያው ይቀሰቀስና እንደገና ለመጠበቅ ይሞክር ነበር፤ ይህም ያለ ማቋረጥ ይደጋገማል። ሰዓቱን እንደገና መሙላት ደግሞ ያንኑ የቀረውን ማሳወቂያ ያስተላልፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ብልሽቱ የታየው በመረጃ ቋቱ ላይ ቢሆንም መንስኤው ከሥሩ ባለው ከርነል ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄውን ለመረጃ ቋቱ አልሚዎች ብቻ ያቀረበ ሰው በር ተሳስቶ አንኳኳ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ማስታገሻው ለዚያች ሌሊት በቂ ቢሆንም ቀጣዩን ክስተት አይከላከልም፤ ዘላቂው መፍትሔ የከርነሉ መታረም ነበር።

የጠፉት ሁለት መስመሮች

ሁለተኛው ክስተት የማኅበረሰብ ምክር ተጠይቆበትም የተሳሳተ ውጤት ያስከተለ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ውስጥ ኦፕንኤስኤስኤል የተሰኘው የምስጠራ ሶፍትዌር፣ ቫልግራይንድ በተባለ የሜሞሪ መመርመሪያ መሣሪያ ሲፈተሽ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር። ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ እሴት ያልተሰጠው ሜሞሪ ጥቅም ላይ እየዋለ መሆኑን የሚያመለክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጥቅሉ ኃላፊ ማስጠንቀቂያውን የሚያስነሡትን ሁለት የኮድ መስመሮች ማስወገድ ይቻል እንደሆነ የኦፕንኤስኤስኤልን አልሚዎች ጠየቀ። ጥያቄው ያተኮረው ፕሮግራም በሚመረመርበት ጊዜ በሚታዩ ማስጠንቀቂያዎች ላይ ስለነበረ፣ የተሰጠውም መልስ ለምርመራ የሚረዳ ከሆነ ቢወገዱ አይከፋም የሚል መንፈስ ነበረው። ለውጡም ለሕዝብ በሚሰራጨው ጥቅል ውስጥ ገባ።

ሁለቱ መስመሮች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ተግባራቸው ግን የተለያየ ነበር። አንደኛው ቢጠፋ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። ሌላው ግን የምስጠራ ቁልፍ የሚሠራበትን የማይገመት ግብዓት ወደ ዘፈቀዳዊ ቁጥር አመንጪው የሚያስገባ ዋና በር ነበር። እርሱ ሲዘጋ ከግብዓቶቹ መካከል የቀረው የፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ይህም በተለመደው የሊኑክስ አደረጃጀት ከ32,768 አይበልጥም። በዚህም ምክንያት ለአንድ ዓይነት ማሽንና ለአንድ የቁልፍ መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች አጥቂ አንድ በአንድ ሊሞክራቸው እስከሚችል ድረስ አነሱ። ስሕተቱ በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2008 ነው። ከዴቢያን የተወለደው ኡቡንቱም አብሮ ተጠቅቶ ነበር። ሶፍትዌሩን ማደስ ብቻ አልበቃም፤ በመካከሉ የተፈጠሩ ቁልፎች ሁሉ ተጥለው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።

በዚህ ታሪክ ኮዱም ክፍት ነበር፤ ጥያቄውም በአደባባይ ቀርቧል፤ መልስም ተገኝቷል። የጎደለው የጥያቄው ዓላማ ግልጽነትና የለውጡ ሙሉ ምርመራ ነው። መልስ ሰጪው የተረዳው ስለ ጊዜያዊ ምርመራ መጠየቁን ሲሆን፣ የተፈጸመው ግን በማይቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ የሚውል ዘላቂ ለውጥ ነው። ማስጠንቀቂያው ዝም አለ፤ ለምን እንደሚሰማ ግን ሁለቱንም መስመሮች ለየብቻ መርምሮ ያስረዳ አልነበረም።

ግማሽ ሰከንድ

ሦስተኛው ክስተት የሁለተኛው ግልባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስኪውኤል አልሚ በዴቢያን ያልተረጋጋ ስርጭት ላይ የፍጥነት ልኬት ሲያካሂድ፣ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ በኩል ወደ ማሽኑ መግባት ከቀድሞው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ብዙ ሰው ችላ ብሎ የሚያልፈውን ይህን መዘግየት ተከታትሎ፣ ጊዜው የሚባክነው ኤክስዚ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ቤተ ኮድ ውስጥ መሆኑን በልኬት አረጋገጠ። ከሳምንታት በፊት በዚያው ቫልግራይንድ የታየ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ማስጠንቀቂያም ትዝ አለው። ሁለቱን ምልክቶች ሲያገናኝ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞች ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ ሥውር መግቢያ አገኘ።

ግኝቱን እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለሕዝብ ሲያሳውቅ ያቀረበው ጥርጣሬን ብቻ አልነበረም። የተጠቁትን ዕትሞች፣ የጊዜ ልኬቱን፣ ተንኮሉ በየትኞቹ ሁኔታዎች ሥር እንደሚነቃ፣ እንዲሁም የተንኮሉ አንድ ክፍል በሚሰራጨው የታሸገ ጥቅል እንጂ በይፋዊው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አለመኖሩን ዘረዘረ። በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ስርጭቶቹ ወዲያው ወደ ቀደመው ዕትም ተመለሱ፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ትንታኔውን ቀጠሉ። አደጋው ወደ ዋና ዋናዎቹ የተረጋጉ ስርጭቶች ከመድረሱ በፊት ተገታ።

ክስተቱ የማኅበረሰቡንም ስስ ጎን አጋልጧል። ኤክስዚን ለዓመታት የተሸከመው በዋነኛነት አንድ ሰው ነበር፤ ተንኮሉን የተከለው አካልም ወደ ኃላፊነት የደረሰው ለረጅም ጊዜ ረዳት መስሎ በመሥራት ነው። በመሆኑም ማኅበረሰብ ሲባል ዳር የሌለው ሠራዊት ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ጥቂትና የደከሙ ሰዎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

ማስረጃ እንዴት ይዘጋጅ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ እርዳታ ጠያቂ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች ከእነዚህ ክስተቶች ይመነጫሉ።

በመጀመሪያ፣ የስርጭቱ፣ የከርነሉና የሶፍትዌሩ የዕትም ቁጥር፣ ከብልሽቱ በፊት የተደረገ ለውጥ፣ እንዲሁም ሎግ የሚባለው የሥርዓቱ መዝገብ ከነሰዓቱ ሳይተረጎምና ሳያጥር ሊቀርብ ይገባል። ሆኖም የይለፍ ቃሎች፣ ቁልፎችና የግል መረጃዎች አስቀድመው ከመዝገቡ መውጣት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ብልሽቱን ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ሊደግመው የሚችልበት አጭር የሥራ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ቀድሞ ይሠራ የነበረው አዲስ ዕትም ሲመጣ ከተበላሸ ደግሞ ጂት የተባለው የኮድ ማስተዳደሪያ በሁለቱ ዕትሞች መካከል ያሉትን ለውጦች ለሁለት እየከፈለ እንዲፈትሽ ማድረግ ይቻላል። በየፈተናው የሚጠረጠረው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በመካከሉ 1,000 ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ጥፋተኛው ለውጥ በ10 ያህል ፈተናዎች ይለያል። ይህ ሥራ ጥልቅ የኮድ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ለባለቤቱ ይቅረብ። ችግሩ የሚታየው በስርጭቱ ጥቅል ብቻ ከሆነ ለስርጭቱ፣ በዋናው ኮድም ከታየ ለዋናው ፕሮጀክት መቅረብ አለበት። ጠያቂው በመልሱ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበም ይግለጽ፤ የዴቢያን ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም፣ መፍትሔ ሲገኝ ምን እንደሠራና ለምን እንደሠራ ጥያቄው በቀረበበት ቦታ ይመዝገብ። ያለ ማብራሪያ ተፈትቷል ብሎ ማለፍ ቀጣዩን ጠያቂ ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ማጠቃለያ

በሁለቱ የምስጠራና የደኅንነት ክስተቶች ማስጠንቀቂያውን የሰጠው መሣሪያ አንድ ነው። በ2006 ማስጠንቀቂያው እንደ ጫጫታ ተቆጥሮ ጸጥ ሲደረግ፣ በ2024 እንደ ጥያቄ ተቆጥሮ መልስ ተፈለገለት። ልዩነቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአጠያየቁ ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ መለካት፣ መድገም፣ አንድን ተለዋዋጭ ከሌላው መለየትና ውጤትን ለሌሎች ፍተሻ ማቅረብ የምርምር ሀሁ ናቸውና። ሰርቨሮቻቸውን በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ያቆሙ ተቋማትም የብልሽት መዝገብ አያያዝን እንደ ቴክኒሻን የጓዳ ሥራ ሳይሆን እንደ ምርምር ሥነ ዘዴ ቢያስተምሩት፣ ከማኅበረሰቡ የሚያገኙት እገዛ ይጎለብታል፤ በተራቸውም ለሌሎች የሚተርፍ ዕውቀት ያበረክታሉ።