ለቃሚው ዓሣና አስመሳዩ

ከከብት ጀርባ ላይ መዥገር የሚለቅም ወፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። በባሕር ውስጥም እንዲህ ያለ ለቃሚ አለ። እሱ ግን ወፍ ሳይሆን ዓሣ ነው።

ይህ ዓሣ በቀይ ባሕር፣ በሕንድ ውቅያኖስና በሰላማዊ ውቅያኖስ ይኖራል። የሚወደው ሞቃት ውኃ ነው። ቤቱ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ ነው። ርዝመቱ አንድ ጣት ቢያክል ነው።

ትልልቅ ዓሦች እጅ የላቸውም። ታዲያ ተባይ ሲጣበቅባቸው ማን ይለቅምላቸው? ወደ ለቃሚው ቤት ይሄዳሉ። እሱም ጅራቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይጨፍርላቸዋል። ትልቁ ዓሣ አፉን ከፍቶ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ለቃሚው አፉ ውስጥ ገብቶ ተባዩን ለቅሞ ይወጣል። ትልቁም አይውጠውም። አንዱ ጸዳ፣ ሌላው ጠገበ።

በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት አንድ ለቃሚ በቀን 1,200 ያህል ተባይ እንደሚበላ አሳይቷል። በዚያው አገር ተመራማሪዎች ለቃሚዎቹን ከአንዳንድ ቦታ ከ8 ዓመት በላይ አራቋቸው። በዚያ ቦታ የሌሎቹ ዓሦች ቁጥር አነሰ። የቀሩትም ቀጨጩ።

አስመሳይ ግን የትም አይጠፋም። ሌላ ዓሣ አለ፤ መጠኑም ጭፈራውም ልክ እንደ ለቃሚው ነው። ደንበኛው አምኖ ሲቀርበው ክንፉን ገምጦት ይሸሻል።

ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ?

በቀለም አይለዩም። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። በሁለቱም ጎን ላይ ከፊት እስከ ጅራት የሚሄድ ጥቁር መስመር አለ። መስመሩ ወደ ጅራት ሲደርስ ይሰፋል።

ዋናው ምልክት አፍ ነው። የለቃሚው አፍ ከፊቱ ጫፍ ላይ ነው። የአስመሳዩ አፍ ግን ከአፍንጫው በታች ተደብቋል። የታችኛው መንጋጋውም ረጃጅም ጥርስ አለው።

አንድ ጊዜ የተነከሰ ዓሣ ይማራል። ትልልቆቹ አስመሳዩን ሲያዩ ይርቁታል፤ ወይም ያባርሩታል። ብዙውን ጊዜ የሚታለሉት ገና ያልለመዱት ትንንሾቹ ናቸው።

ጥያቄዎች
1. ትልልቅ ዓሦች ወደ ለቃሚው የሚሄዱት ለምንድን ነው?
2. ለቃሚዎቹ በተወሰዱበት ቦታ ምን ሆነ?
3. ለቃሚውና አስመሳዩ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?