«የማይመከር» እና «የተሻረ»
ስለ አንድ የኮምፒዩተር ሙያ ቃል አተረጓጐም

የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ማናቸውም ቋንቋ በጊዜ ብዛት ይለወጣል። አዳዲስ ትእዛዞች ይጨመሩበታል፤ የተሻለ ምትክ የተገኘላቸው ነባር ትእዛዞችም ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ይደረጋል። የቋንቋው መመሪያ በእነዚህ ነባር ትእዛዞች ላይ የሚያኖረው ምልክት በእንግሊዝኛ «ዴፕሪኬትድ» ይባላል። ቃሉን «የተሻረ» ብሎ ለመተርጐም ይቀናል፤ ነገር ግን ትርጉሙ አንባቢን ያሳስታል።

ሽረት በሕግ ቋንቋችን የታወቀ ፍቺ አለው። የተሻረ አዋጅ ከተሻረበት ቀን ጀምሮ አይሠራበትም። ዴፕሪኬትድ የተባለ ትእዛዝ ግን ገና ይሠራል፤ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። የቃሉ የላቲን መነሻም «በጸሎት ማራቅ» ማለት እንጂ መሻር ማለት አይደለም።

በማስጠንቀቂያና በሽረት መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የፎርትራን ታሪክ ያስረዳል። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ፎርትራን፣ የአንድ ስሌት ውጤት ከዜሮ በታች፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ መሆኑን አይቶ ሥራውን ወደ ሦስት መስመሮች የሚመራ ትእዛዝ ነበረው። በ1991 የታተመው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ትእዛዝ «በማርጀት ላይ ካሉት» መደበው። ከደረጃው የወጣው ግን በ2018 ነው። በነዚያ 27 ዓመታት ውስጥ ትእዛዙ የተሻረ ነው ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ቢኖር፣ በደኅና የሚሠራ ፕሮግራም ያለ ጊዜው እንዲፈርስ ምክንያት በሆነ ነበር።

ጃቫ የተባለው ቋንቋ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ፣ እንዲሁ የማይመከረውን ወደፊት እንዲወጣ ከተወሰነበት በምልክት ይለያል። ስለዚህ ሦስት ደረጃዎችን በሦስት ቃላት መለየት ተገቢ ይመስለናል፤

የማይመከር፦ የሚሠራ፣ ነገር ግን በአዲስ ጽሑፍ እንዲገባ የማይፈለግ።
ለሽረት የታጨ፦ የሚሠራ፣ ነገር ግን እንዲወጣ የተወሰነበት።
የተሻረ፦ ከቋንቋው ደረጃ የወጣ።

በሦስቱም ደረጃዎች ምትኩንና ዓመቱን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። የተሻረውም ቢሆን ከመዝገቡ መፋቅ የለበትም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቀረ ቃልን «ጥንታዊ» ብሎ የሚያቈየው የቀድሞውን መጽሐፍ የሚያነብ ስላለ ነው፤ የቀድሞውን ፕሮግራም የሚያነብም እንዲሁ አለ።