ዳገት ስንወጣ በሕዋሳችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

ማለዳ ከየካ ክፍለ ከተማ ተነሥተን ወደ እንጦጦ ተራራ ብንወጣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ሽቅብ የሚሮጡ አትሌቶችን እናያለን። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩም ስስ ነው። ለመሆኑ የሯጩ ጡንቻ ኃይሉ እየተመናመነ መሆኑን በምን ያውቃል? መልሱን ፕሮቲን ካይኔዝ ከተባሉት ኢንዛይሞች ዘንድ እናገኘዋለን።

ካይኔዝ ምንድን ነው?

ካይኔዝ፣ ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ የሚያጣብቅ ኢንዛይም ነው። ፎስፌት ያረፈበት ፕሮቲን ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል፤ ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቱን ሲያነሣለት ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። የሰው ልጅ ከ500 በላይ የካይኔዝ ጂኖች አሉት። ይህን አሠራር የደረሱበት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችውም በዚያው ዓመት ነበር።

ኃይል ጠባቂው ቤተሰብ

ሯጩ ዳገቱን ሲያያዘው ጡንቻው ኤቲፒን በፍጥነት ይጠቀማል፤ በምትኩም ኤኤምፒ የተባለው ሞለኪውል ይበዛል። ኤኤምፒኬ የተሰኘው ካይኔዝ ከኤኤምፒ ጋር ሲጣበቅ የኃይል እጥረቱን ይለያል። ወዲያውም ስብ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ ኃይል የሚፈጀውን የስብና የኮሌስትሮል ምርት ግን ይገታል። ልምምዱ ሲደጋገም ደግሞ ኃይል አመንጪዎቹ ማይቶኮንድሪያዎች እንዲበዙ ያግዛል።

የዚህ ቤተሰብ አባላት ከሰውም ውጭ ይገኛሉ። በመንገዱ ዳር የቆሙት ባሕር ዛፎች ስኳር ሲያንሳቸው፣ የእንጀራን ሊጥ የሚያቦኩት የእርሾ ሕዋሳትም ግሉኮስ ሲያልቅባቸው በኤኤምፒኬ ዘመዶች ይታገዛሉ።

ለጤናችን ምን ይጠቅማል?

በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጡንቻ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚዳከም ግሉኮስ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሆኖም በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም የግሉኮስ መግቢያዎችን መክፈት ይችላል፤ በዚህ ሥራ ከሚሳተፉት አንዱ ኤኤምፒኬ ነው። ለበሽታው በሰፊው የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም ይህን ካይኔዝ ያነቃቃል። እርግጥ ነው፣ እንቅስቃሴ የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ነገር ግን በሐኪም ምክር በየዕለቱ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ታማሚ፣ ኢንሱሊን ሊከፍትለት ያልቻለውን በር በገዛ ጡንቻው ይከፍታል።